በትህትና የነገርኩት ቀዳዳ

ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል። ሀደራ መሃል ከተማ፣ ጎንደር የቀሩ ዘመዶቻቸውን ወደ እስራኤል ለማምጣት የሚጠባበቁ ቤተሰቦችን በሚረዳ ትንሽ ማኅበር ውስጥ ኮምፒውተሮቹን የምጠብቀው እኔ ነበርኩ። ማመልከቻው ሁሉ የሚገባው በድረ ገጻችን ነው። የአክስቴ፣ የእናቴ እህት፣ ፋይልም እዚያው ነበር። አክስቴ ጎንደር በኪራይ ቤት ሆና ስትጠብቅ ፀጉሯ ሸብቷል።

ድረ ገጹን የሚያስኬደው የሰርቨር ሶፍትዌር ያረጀ ነበር። ሠሪዎቹ ማደሱን ካቆሙ ዓመታት አልፈዋል፤ ሰርጎ መግቢያ ቀዳዳው የት እንዳለ ደግሞ ኢንተርኔት ላይ በግልጽ ተጽፏል፣ ማንም ሥራ ፈት ያነበዋል። አንድ ቀን ከቤቴ ሆኜ ሞከርኩት። ይለፍ ቃል ሳልጽፍ ገባሁ። የአክስቴ ፎቶ፣ የልጆቿ ስም፣ የእናቴ ስልክ ቁጥር፣ ሁሉም ተዘርግቶ ጠበቀኝ።

በማግስቱ ለሊቀ መንበሩ ልነግራቸው ገባሁ። ከሌሎች ሽማግሌዎች ጋር ተቀምጠዋል። «ማንም ሌባ መግባት ይችላል፣ ዛሬውኑ እንዝጋው!» ማለት ነበረብኝ። ግን ትልቅን ሰው በሰው ፊት መናገር ነውር ነው ተብዬ ያደግሁ ነኝ። አንገቴን ደፍቼ፣ «ሰርቨሩ ትንሽ አርጅቷል፤ ሲመችዎ ብናድሰው ጥሩ ይመስለኛል» አልኳቸው።

«ይሠራል አይደል?»

«ይሠራል።»

«እንግዲያ አሐሬ ሃሐጊም፣ ልጄ። በዓላቱ ይለፉና እናየዋለን።»

በዓላቱ አለፉ፤ ሌሎች በዓላትም መጡ። ሁለት ጊዜ አስታወስኳቸው፣ ሁለቱንም ጊዜ በዚያው በለዘበ አፌ።

አንድ ጠዋት ቤት ኤሊዔዘር ሰፈር፣ እናቴ ቤት ስደርስ አልጋ እየጎተተች አገኘኋት። «እህቴ ልትመጣ ነው! ኢሹር ወጣላት!» አለችኝ፤ ፈቃድ ማለቷ ነው። ከሦስት ቀን በፊት ከሚስራድ፣ ከመሥሪያ ቤቱ ነኝ ያለ ሰው ደውሎ፣ በአማርኛ «እርስዎ» እያለ፣ የአክስቴን የፋይል ቁጥርና የልጆቿን ስም አንድ በአንድ ነግሯታል። ማረጋገጫ ነው ብሎ ስልኳ ላይ የመጣውን የባንክ ኮድ ተቀበላት። እስኪያልቅ ለሰው እንዳትናገርም አስጠንቅቋታል። ሌቦቹ በኮዱ የባንክ ሂሳቧን አራቁተውታል፤ እሱስ ይሁን። እናቴ ግን ለእህቷ ደውላ ነበር። አክስቴም ቤቱን ለቅቃ፣ ዕቃዋን ለጎረቤት አከፋፍላ፣ ከልጆቿ ጋር ሰው ቤት ተጠግታ ጥሪ ትጠብቅ ነበር።

በቀጥታ ወደ ማኅበሩ ሄድኩ። ሽማግሌዎቹ ሁሉ በተቀመጡበት ጮህኩባቸው። ያን ያህል ድምፅ እንዳለኝ እኔም አላውቅም ነበር። ሰርቨሩ በአንድ ሰዓት ውስጥ ተዘጋ። በአንድ ሰዓት! ያን ሁሉ ጊዜ የፈጀብን ይኸው ነበር። ያናደዱኝ ሊቀ መንበሩ ይሁኑ እኔው ራሴ፣ አሁንም አልለየሁትም።

ስመለስ ወሬው ቀድሞኝ ደርሶ፣ እናቴ ያልተነጠፈው አልጋ ላይ ተቀምጣ ነበር።

«ድረ ገጹ ክፍት መሆኑን ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር፣ እማ። ነግሬያቸው ነበር።»

«ምን ብለሽ?»

ቃል በቃል ደገምኩላት፤ «ትንሽ አርጅቷል፣ ሲመችዎ» ያልኩትን።

እናቴ ስልኳን አውጥታ የአክስቴን ቁጥር ደወለችና እጄ ላይ አስቀመጠችው።

«በይ፣ ለእሷም እንደዚያው አድርገሽ ንገሪያት» አለችኝ።