ጋሽ በርሄ «ደህና ነኝ» ያሉበት ጥርስ

ትናንት ጠዋት... የጥርስ ሆስፒታል ውስጥ ታካሚው ጸጥ ብለው ተኝተው፣ ኡኡ ብዬ የጮህኩት አጠገባቸው የቆምኩት እኔ ነኝ።

አሎራ፣ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። እዚህ ሮም፣ ፒኜቶ ሰፈር፣ ከኔ በላይ ያለው ፎቅ ላይ ጋሽ በርሄ የሚባሉ አባት ይኖራሉ። አስመራ በአማርኛ የተማሩ፣ ሮም ሬስቶራንት ውስጥ አርባ ዓመት ድስት ያነሱ ጨዋ ሰው። ጣሊያንኛውን እንደ ውሃ ነው የሚጠጡት፣ ሐኪም ፊት ሲቀርቡ ግን ድርግም ይልባቸዋል። ስለዚህ አስተርጓሚ እኔ ነኝ።

ሳምንቱን ሙሉ የመንጋጋ ጥርሳቸው እንቅልፍ ነስቷቸዋል። የቀሯቸው የመንጋጋ ጥርሶች ደግሞ ሁለት ብቻ ናቸው፣ እነሱም ጎን ለጎን። እነዚያ ከሄዱ ቀሪ ዘመናቸው ሾርባ ነው።

«ልጄ፣ ነቅላ ትጣልልኝ በያት» አሉኝ ገና ወንበሩ ላይ ሳይወጡ።

ዶቶሬሳዋ፣ የጥርስ ሐኪሟ፣ ሳቀች። «ድሮ እዚህ የሚመጣው ሁሉ ንቀሉልኝ ነበር የሚለው። አሁን አድኑልኝ ባዩ በዝቷል፣ እኛም ቶሎ አንነቅልም» አለችኝ። ጥርሱን ከፍታ፣ የታመመውን ነርቭ አውጥታ፣ ስሩን አጽድታ ትደፍነዋለች... ጥርሱ እዚያው ይቀራል። ዴቪታሊዛሲዮኔ ይሉታል። መቆያው ክፍል የሞላው ሰው ለካ ለሱ ነው የመጣው!

ችግሩ... ራጁ ላይ ሁለቱም ጥርሶች አሮጌ ሙሌት አላቸው። የታመመው የትኛው እንደሆነ እየነካካች ልትጠይቃቸው ሆነ።

የኋላኛውን በብረት ቷ ቷ አደረገችው። «ያማል?»

«ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

የፊተኛውን ቷ ቷ።

«ተመስገን። እሷስ ደህና ናት ወይ? ጠይቂልኝ።»

ኧረ በሕግ አምላክ! እኔ ደግሞ ትዕግስት የሚባል አልፈጠረብኝም። ስድስት ሰዓት ላይ ቱርኖዬ፣ የሥራ ተራዬ፣ ይገባል፣ የምንከባከባት አሮጊት ሲኞራ ብቻዋን ናት። ሰዓቴን አያለሁ፣ እግሬን እቀያይራለሁ፣ ጥፍሬን እበላለሁ።

«ጋሼ፣ በእመቤቴ ይዤዎታለሁ፣ ካመመዎት አመመኝ ይበሉ!»

«በዚህ ዕድሜዬ ሴት ልጅ ፊት ዋይ ዋይ ልበል? ነውር አይደለም እንዴ!»

ዶቶሬሳዋ ተስፋ ቆረጠች። «ቫ ቤኔ፣ በራጁ የባሰበት የሚመስለው የኋላኛው ነው፣ እሱን እከፍታለሁ» ብላ መርፌውን አነሳች። ደህናውን ጥርስ ብትበሳውስ? አንዴ ከተከፈተ መመለሻ የለው!

ጋሼ መርፌውን ሲያዩ ቀስ ብለው ቀኝ እጄን ያዙኝ። «እንዳትፈሪ ብዬ ነው» አሉኝ።

«ከመውጋቴ በፊት አንዴ ልድገመው» አለች ዶቶሬሳዋ። የኋላኛውን ነካችው... ምንም። የፊተኛውን ስትነካው... እናንተዬ! የጣቶቼ አጥንት ቀጭ አለ። አርባ ዓመት ድስት ያነሳ እጅ ነው እኮ!

«ኡኡኡ! እማምላክ ድረሽልኝ!»

ዶቶሬሳዋ ደንግጣ ብረቱን ጣለችው። ጋሼን አየኋቸው። ቅንድባቸው እንኳ ንቅንቅ አላለም።

«ደህና ናቸው በያት» አሉኝ። ዓይናቸው ግን እንባ ሞልቷል። እንዲህ ሆነው ነው ለካ ሳምንቱን ሙሉ ደረጃ ላይ እየሳቁ ሰላም ሲሉኝ የከረሙት... አንጀቴን በሉት።

«የፊተኛው ነው! የፊተኛው!» አልኳት እጄን እያራገብኩ። አላመነችኝም፣ እጄን ለጋሼ መልሼ ሰጠሁና ደግማ ሞከረች። የኋላኛው ሲነካ እጄ ሰላም፣ የፊተኛው ሲነካ እኔ ዋይ። ሦስተኛ ሙከራ አላስፈለጋትም። የፊተኛውን አደንዝዛ ስትከፍተው ጉዱ ሁሉ እዚያ ነበር። የኋላኛው ሳይበሳ ተረፈ።

ሕክምናው ገና ሁለት ቀጠሮ ይቀረዋል። ዶቶሬሳዋ ወረቀቱን ስትሰጠን «አንቺም እንዳትቀሪ» አለችኝ ወደ እጄ እያየች። እየሮጥኩ ቱርኖዬ ላይ ደረስኩ።

ዛሬ ጠዋት ጋሼ ደረጃ ላይ አገኙኝ፣ ፊታቸው በርቷል። «እንዴት አደርሽ ልጄ? እጅሽስ?»

«ደህና ነኝ ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይመስገን!» አልኳቸው... በግራ እጄ ከበሩ ቁልፍ ጋር እየታገልኩ።