የዝናሽ ሦስተኛ ካሴት

ማክሰኞ ከንጋቱ አስራ አንድ ሰዓት ላይ የወልድያው አውቶቡስ ሰቆጣ መናኸሪያ ውስጥ ሞተሩን አስነስቶ ነበር። ሞባይል ገና አገራችን ያልደረሰበት ጊዜ ነው። እናቴ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፍና መስኮቱ ሥር ቆማለች፤ እኔ ሰው ፊት ማልቀስ ስለማፍር የቦርሳዬን ዚፕ እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ። ቦርሳው ውስጥ ሁለት ቀሚስ፣ የዲግሪዬ ቅጂ፣ አንድ ከረጢት በሶና ሁለት የዝናሽ ካሴቶች አሉ።

«ሦስተኛውስ?» አለችኝ እናቴ።

«እሱ ይቀመጥልኝ፤ መንገድ ላይ ቢሰበር ሌላ የለም።»

«እሺ፣ ሳጥኔ ውስጥ ነው» አለች። የስንብት ንግግራችን ስለ ካሴት መሆኑ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል፤ ግን እንደዚያ ነበር።

ለምን እንደወጣሁ ለማያውቅ፦ ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ደሃና ወረዳ ውስጥ ሁለት ዓመት ባዮሎጂ አስተማርኩ። አባቴ ሞቷል፤ ከእኔ በታች ሁለት ተማሪዎች አሉ፤ የአስተማሪ ደመወዝ ለሁለት ቤት አልበቃም። ካርቱም ያለች የክፍል ጓደኛዬ «ነይ» ስትለኝ ሄድኩ። ከዚህ የተለየ ጀግንነት የለበትም።

ዝናሽን ደግሞ ሰቆጣ ያላደገ ሰው ላያውቃት ይችላል። ጠላ ቤት የነበራት ዘፋኝ ናት። ወንድሟ ማሲንቆ ይመታላታል። ሌሎች ዘፋኞች ማሲንቆው ሲጀምር ይጠብቃሉ፤ እሷ ግን ቀድማ ብቻዋን ትጀምርና ማሲንቆው እንደዘገየ ሰው ሮጦ ይደርስባታል። የስንኙን መጨረሻ ቃል ሙሉውን አትለውም ነበር፤ ግማሹን ትታ ለገመዱ ትሰጠዋለች፣ እሱ ይጨርሰዋል። ብዙ ሰው እንደሷ ሊዘፍን ሞክሯል፤ ቃሉን ቀድሞ የመተው ድፍረት ግን ማንም አልነበረውም።

አዲስ አበባ ወስደው ሁለት ካሴት አስቀረጿት። የመጀመሪያው በማሲንቆና በከበሮ ነው፤ ሁለተኛው በኦርጋን። ሦስተኛውን የሰቆጣው ካሴት ሻጭ ራሱ ጠላ ቤቷ ውስጥ በአንድ ቴፕ ቀዳው። ዶሮ ይጮህበታል፣ ሰው ያስላል፣ ብርጭቆ ይወድቃል። «ደጅ ድረስ» የሚባለው ዘፈን የሚገኘው እዚያ ላይ ብቻ ነው፤ አንዱን ገጽ ሙሉ ይይዛል። ሻጩ ጥቂት ቅጂ አድሎ ሱቁን ዘግቶ ሁመራ ገባ፤ ቅጂዎቹም በየቤቱ በቴፕ ተበልተው አለቁ። የእኔን የሰጠችኝ ዝናሽ ራሷ ናት። ተማሪ ሳለሁ ጎንደር ላለው ልጇ ደብዳቤ እጽፍላት ነበር።

በመተማ በኩል ስንሻገር የሱዳኑ ፈታሽ ካሴቶቼን አነሳ። አስተርጓሚው የጭነት መኪና ረዳት ነበር።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ዘፈን።»

«ስለ ምን?»

«ስለ መለያየት» አልኩ።

ፈታሹ አንዱን ሰልፈኛ፣ ቀጥሎ ሌላውን፣ ቀጥሎ እኔን አየ። «ይሄማ እዚህ ሞልቷል፤ ቀረጥ የለውም» ብሎ መለሰልኝ።

ካርቱም ዴም የሚባል ሰፈር ተከራየሁ። ቀን ሰው ቤት ልጆች እጠብቃለሁ፣ ከሰዓት የቤት ሥራቸውን አስጠናለሁ። ምን ልበላችሁ፤ ፀሐዩ ጠዋት በሁለት ሰዓት የሰቆጣን ቀትር ያስንቃል። ኪስራ የሚሉት ምግባቸው የእኛን እንጀራ ይመስላል፤ ግን ስስ ነው፣ ዓይን የለውም፣ እንደታወረ እንጀራ ነው። ሃቡብ የሚሉት የአቧራ ማዕበል ሲመጣ ከተማው ቡናማ ይሆናል። ተከዜም እዚህ አገር ይገባል፤ ነገር ግን ስሙን ቀይሮ ካርቱምን ሳያይ ነው የሚያልፈው። ይህን ስሰማ ቅር አለኝ።

አከራዬ ሐጃ ትባላለች፤ ከአበሻ ተከራዮቿ ጥቂት አማርኛ ለምዳለች። የመጀመሪያ ቀን «ቤቴ ውስጥ ሙዚቃ የለም» አለችኝ። ለሁለት ሳምንት ታገስኩ፤ ከዚያ የመጀመሪያውን ካሴት በዝቅተኛ ድምፅ ከፈትኩ። ወዲያው በሩ ተንኳኳ። ሐጃ ሻይ ይዛ ገባች፣ ተቀመጠች፣ እጄን ያዘች።

«ማን ሞተብሽ?»

«ማንም አልሞተም፣ ሐጃ።»

«አትደብቂኝ። ሴትዮዋ ዘመድሽ ናት?»

ዘፈን ነው ብል ከቤት ልታስወጣኝ ነው። «ያገሬ ሰው ናት» አልኩ።

«ለቅሶ ይፈቀዳል» ብላ እስኪያልቅ አብራኝ ተቀመጠች። በሌላ ቀን ባለ ኦርጋኑን ስከፍት ግን ከግቢው ማዶ ጮኸች፦ «ይሄ ሰርግ ነው! ዝጊው!»

ሐጃ ሳታውቀው የዴምን ትልቅ ክርክር ፈርዳ ነበር። ዓርብ ዓርብ የእረፍት ቀን ስለሆነ የዋግ፣ የእኛ የሰቆጣ አካባቢ ሰዎች፣ እቴ የሺ ምግብ ቤት ይሰበሰባሉ። እቴ የሺ የፃግብጂ ሴት ናት፤ ዝናሽን የምትወዳት በኦርጋኑ ነው፣ «የጉም ቀሚስ» የሚለውን ዘፈን በቀን ሦስት ጊዜ ታሰማለች። ከኒሯቅ የመጣው መካኒክ ጋሽ ፈንታ ደግሞ ኦርጋን ሲሰማ ጀርባውን ያዞራል።

«አንቺዬ፣ ይህን በርበሬ የሌለው ወጥ ዝጊልን!»

«ጋሽ ፈንታ፣ እርስዎ እኮ ሞተር ካላንኳኳ ዘፈን አይመስልዎትም።»

«ዝናሽ ማለት 'ደጅ ድረስ' ናት። ከዚያ ወዲያ ያለው ትርፍራፊ ነው።»

ጋሽ ፈንታ «ደጅ ድረስ»ን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሰማው። አገር ሊለቅ ሲል ጠላ ቤቷ ገብቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ እድሜው ሄዷል፤ ሰው ሁሉ ስለ ዘፈኑ ይነግረዋል፣ የሚያሰማው ግን የለም። እኔ ዓርብ በመጣ ቁጥር ጥግ ይዤ እሰማለሁ እንጂ አልናገርም። ካሴቱ እንዳለኝ ለአንድ ዓመት ያህል አልተነፈስኩም።

ከዚያ ዝናሽ ሞተች የሚል ወሬ መጣ። የዚያን ዓርብ እቴ የሺ ኦርጋኑን ራሷ ዘጋችው። ጋሽ ፈንታ ሻዩን ሳይነካ «በቃ፣ ሳልሰማው ቀረሁ» አለ። ያን ጊዜ ነው «እኔ ጋ አለ፣ እናቴ ቤት» ያልኩት። ሁሉም ዞረው አዩኝ።

ለእናቴ ጻፍኩ፤ ታናሽ ወንድሜ ያነብላታል። «የዝናሽን ካሴት በታመነ ሰው ላኪልኝ፤ እዚህ ሰዎች ይጠብቁታል» አልኩ። ከሁለት ወር በኋላ አንድ ነጋዴ በጨርቅ የተጠቀለለ ካሴት አመጣ። ሳልከፍተው እስከ ዓርብ አስቀመጥኩት፤ ብቻዬን መስማት ስርቆት መሰለኝ። ጥንቃቄ ብዬ ያደረግሁት ይኸው ነበር።

ዓርብ ከሰዓት ምግብ ቤቱ ሞላ። ጋሽ ፈንታ ኮት ለብሶ መጣ፣ በዚያ ሙቀት። ቴፑን ጠረጴዛ ላይ አድርጌ ከፈትኩት። የቴፕ ሿሿታ፣ ከዚያ ሳል፣ ከዚያ፦

«ልጄ፣ እንዴት ነሽ? እኔ ነኝ እናትሽ።»

ክው አልኩ። የእኛ አገር ሰው ለስደተኛ ልጁ ድምፁን በካሴት ቀድቶ ይልካል፤ ለማይጽፍ ሰው ደብዳቤው እሱ ነው። ዕቃ ብቻውን ያለ ሰላምታ መላክ ደግሞ ለእናቴ ነውር ነው። ወንድሜ የቴፑን አሠራር አሳይቷት ይሆናል፤ ቀዩን የመቅጃ ቁልፍ ተጭና፣ መግቢያው ላይ አንድ ቃል ሰላምታ ልታስገባ አስባ ጀመረች። የዋግን ሰላምታ የሚያውቅ ግን አንድ ቃል የሚባል እንደሌለው ያውቃል።

«ላሟ ወለደች። እትዬ ብርቄ ሰላም ብላሻለች፤ ልጇም፤ የልጇ ባልም። መምህሩ ሰላም ብሎሻል። ዝናብ ትንሽ ጣል አድርጓል። የላይኛው ጎረቤት...»

ቴፑን ልዘጋ እጄን ሰደድኩ። ጋሽ ፈንታ እጄን ያዘው። «እናት እያወራች አይዘጋም» አለ።

እናቴ ቀጠለች። መሐል ላይ ሆድ ሲብሳት ወደ አገውኛችን፣ ወደ ኽምጣንጋ፣ ዞረች፤ ቋንቋውን እንደምትሰማ ከፊቷ ያወቅኩባት እቴ የሺ ናት፣ ዓይኗን በመቀነቷ ጠረገች። በየመንደሩ ሰላምታ ሥር የዝናሽ ድምፅ ጠፍቶ እየሄደ እንደሆነ የማያውቅ አልነበረም። አንዱ ወጣት ቀስ ብሎ «ሰላምታው አላለቀም እንዴ?» ሲል ጋሽ ፈንታ «ገና ደሃና አልደረሰችም፣ ቁጭ በል» አለው፤ ሰው ሳቀ። ከዚያ እናቴ «አብረውሽ ያሉትን፣ ስማቸውን የማላውቀውን፣ አንድ ባንድ ሰላም በይልኝ» አለች።

ካሴቱ ቀጭ አለ፣ ማሲንቆው ከመሐል ገባ፣ ዝናሽም፦

ሂድ ብዬ ነው እንጂ መቼ ራቅ አልኩህ፣
እደጅ ድረስ ብዬ ከአገር ሸኘ...

ገመዱ «ሁህ»ን ጨረሰላት። ዶሮው ጮኸ። ገጹ አለቀ። ከዘፈኑ ሁሉ የተረፈው ይህ አንድ ስንኝ ነበር።

«ይቅርታ፣ ጋሽ ፈንታ» አልኩ።

ኮቱን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አደረገና «አንድ ስንኝ ይበቃኛል አልልሽም፤ አይበቃኝም» አለ። «ግን ለእናትሽ እንዳትነግሪ። እንዲህ አድርጌ አጠፋሁት ብላ ትኖራለች?» ቀጥሎም «እስኪ መልሺው፣ ሰላምታውንም ጨምረሽ» አለኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ሥራ ከመግባቴ በፊት ስልክ ቤት ሄድኩ። የምደውለው ጎረቤታችን ባለሱቅ ጋ ነው፤ እናቴ ተጠርታ እያለከለከች መጣች።

«ደረሰሽ?»

«ደረሰኝ፣ እማ።»

«ሰላምታዬስ?»

«ሁሉም ሰሙት።»

«ውይ በሞትኩት! ሰው ፊት? ዘፈኑንስ አላበላሸሁብሽም? መጀመሪያው ላይ ትንሽ ብቻ ነው ያስገባሁት።»

«አላበላሸሽም» አልኳት። ለእናቴ ስዋሽ ይህ የመጀመሪያዬ ነው ባልልም፣ እንዲህ ያለ ትልቅ አልዋሸሁም። «ግጥሙን ወረቀት ላይ ላሰፍረው ብዬ ነው። አንቺ እንዴት ነው የምታውቂው?»

«ሱቁ ሰው አለበት እኮ።»

«በቃል ብቻ ንገሪኝ።»

ባቄላ እንደሚቆጥር ሰው ጀመረች፦

ስትወጣ አይቼህ በሬን አልዘጋሁት፣
ነፋስ በገፋው ቁጥር አንተ ነህ እያልኩት።

ከጀርባዋ አንድ ወንድ «እሱማ ሦስተኛው ስንኝ ነው!» አለ። አንዲት ሴት «ማን ነገረህ? ጠላ ቤቷ አልነበርክ!» ብላ ጮኸችበት። ባለሱቁም የራሱን ጨመረ። እኔ ግድግዳው ላይ ተደግፌ የሚሉትን ሁሉ እጽፋለሁ፤ የተስማሙበትንም የተጣሉበትንም።

«ዝም በሉ እስቲ፣ ልጄ ሱዳን ሆና እየጻፈች ነው!» አለች እናቴ። ከዚያ የቀረውን ልትነግረኝ ጀመረችና፣ እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ ቃሉ ወደ ዜማ ተንሸራተተ። ሰርግ ላይ እንኳ የማትዘፍን ሴት ናት። የስንኙን ጫፍ እንደ ዝናሽ ቀድማ ተወችው፤ ማሲንቆ ስለሌለ ክፍተቱ እንደተከፈተ ቀረ።

የስልክ ቤቱ ሰውዬ መስታወቱን መታና «ኻላስ! በቃ!» አለኝ። አንድ ጣቴን አንስቼ ለመንኩት።

«አለሽ?» አለች እናቴ፣ አፍራ።

«አለሁ፣ እማ» አልኳት። ወረቀቱን ገለበጥኩ። «ከመጀመሪያው ጀምሪልኝ።»