«ሆዴን ልጠይቀው» ይሉ የነበሩት እማማ የሺ

አላምንም። ዛሬ ጠዋት ከወገዳ ተደውሎ «እማማ የሺ አረፉ» ሲሉኝ «የትኛዋ የሺ?» እያልኩ ደጋግሜ ጠየቅሁ። ጎረቤታችን፣ የእናቴ የልብ ወዳጅ መሆናቸውን እያወቅሁ።

እንዴት ነው የሞቱት? ሞት ደጃቸው ሲመጣ እንደ ልማዳቸው «ቆይ፣ ሆዴን ልጠይቀው» አላሉትም?

ይህን የምጽፈው መካነ ኢየሱስ ከተማ ሆኜ፣ ለቀብር የሚወስደኝን መኪና እየጠበቅሁ ነው። ለማታውቋቸው ጓደኞቼ ትንሽ ልንገራችሁ።

ጊዜው የጃንሆይ ነው፤ እኔ ገና ልጅ ነኝ። ስማዳ ውስጥ አጥር ለአጥር ነበር የምንኖረው። እማማ የሺ ያኔ ትንንሽ ልጆች ያሏቸው ወጣት እናት ናቸው። በበሉ ቁጥር ልባቸውን ያቃጥላቸዋል፤ ዛሬ ጨጓራ የምንለው መሆኑ ነው። እናታቸውም በዚሁ ሕመም ነበር ልጆቻቸውን ሳያሳድጉ የሞቱት። እማማ የሺ ያደጉት በዘመድ ቤት ነው። የእሳቸውም ልጆች እንደዚያ በሰው እጅ እንዳያድጉ ይፈሩ ነበር።

ጠበል ገቡ። ኮሶ ጠጡ። አልተሻላቸውም።

ከዚያ በመንደራችን ማንም ያላሰበውን ነገር ጀመሩ። አንድ ሰሞን በርበሬ ተዉና ሆዳቸውን አዩት። ሌላ ሰሞን ሽንብራ ተዉ። ጠላም ተዉ። የገብስ ገንፎ፣ ተልባ፣ አልጫ ምስር ሲሆን ሆዳቸው ዝም ይላል። ዛሬ ልጆቻችን ዳየት እያሉ ስልክ ላይ የሚያፈጡበትን እሳቸው ያኔ ብቻቸውን ደረሱበት።

ሰው ምግብ ሲያቀርብላቸው እጃቸውን ሆዳቸው ላይ ጣል አድርገው «ቆይ፣ ሆዴን ልጠይቀው» ይላሉ። ትንሽ ይጠብቁና «እንቢ አለኝ!» ይላሉ። እኛ ልጆች በሳቅ እንፈርስ ነበር።

ትልልቆቹ ግን አልሳቁም።

አንድ ወር የማርያም ማኅበር ተራ ለእናቴ ደረሰ። እናቴ በሙያዋ ቀልድ የማታውቅ ሴት ነበረች። እማማ የሺ መጡ፣ ተቀመጡ፣ ከነጠላቸው ሥር ትንሽ አገልግል አወጡ። የራሳቸውን ምግብ ይዘው መጥተዋል! በኛ አገር በሰው ድግስ ላይ የራስን ምግብ ይዞ መምጣት «ቤትሽ መርዝ አለ» ከማለት አይለይም።

«የሺ፣ እኔ ነኝ መድኃኒት የማበላሽ?» አለች እናቴ።

«ኧረ በማርያም! እኔ መች አልኩ፤ ሆዴ ነው እንጂ።»

«ሆድሽስ የማን ነው?»

ከዚያ ቀን ወዲያ በሁለቱ ቤት መካከል እሳት መጫጫር እንኳ ቀረ። የሺ ሰው ትጠረጥራለች የሚል ወሬ ተነዛ። «እህል እየመረጠች በረሃብ ልትሞት ነው» ያሉም ነበሩ። እሳቸው ግን ወዛቸው እየተመለሰ፣ ጉልበታቸው እየጠና ሄደ። ገብስ ተሸክመው ወገዳ ገበያ ይመላለሱ ጀመር።

በኋላ የማኅበሩ ተራ የእሳቸው ሆነ። እናቴ ብታኮርፍም የማርያም ጽዋ አይቀርምና ሄደች፤ እኔንም ይዛኝ። እማማ የሺ ለሰው ሲሉ ጠላውን እንደ ደንቡ ጠምቀዋል። ደንቡ ደግሞ ባለቤቲቱ ለእንግዳ ከመቅዳቷ በፊት በመዳፏ ጠብ አድርጋ በሰው ፊት እንድትቀምስ ነው። ጠላው ንጹሕ መሆኑ የሚታወቀው በዚያ ነው።

ሁሉም ሰው እሳቸውን ያያል። ካልቀመሱ ራሳቸው ተጠርጣሪ ሊሆኑ ነው። ከቀመሱ ያ ሕመም ሊነሣባቸው ነው፤ አንድ ጉንጭ ጠላ ስንት ቀን እንደሚጥላቸው እናቴ ከማንም በላይ ታውቃለች።

እማማ የሺ ጠላውን መዳፋቸው ላይ ጠብ አደረጉ። ወደ አፋቸው ሊያስጠጉት ሲሉ እናቴ ከመደቡ ተነሥታ ሄዳ እጃቸውን ያዘች።

«ተይው፣ የሺ። አንቺ ልጆችሽን አሳድጊ። እኔ እቀምስልሻለሁ።»

እንግዳ ለባለቤት ሲቀምስ ማን አይቶ ያውቃል? እናቴ ከእማማ የሺ መዳፍ ላይ ፉት አለችውና ጽዋውን ሊባርኩ ወደመጡት ቄስ ዞራ «ምንም የለበትም፣ አባ፤ ይባርኩት» አለች። ቄሱም ሳቃቸውን እየዋጡ ባረኩ።

ከዚያ ወዲህ በእማማ የሺ ቤት ድግስ ሲኖር ቀማሿ እናቴ ነች። በእኛም ቤት በርበሬ የማይነካው ትንሽ ድስት ተለየ። እናቴ «የየሺ ሆድ» ትለው ነበር። «የየሺን ሆድ ጣጂው» ስባል አልጫ መሥራቴ ነው።

እንደሳቸው ያለ ደፋር አላየሁም፣ እውነቴን ነው። አገር ምድሩ የሚበላውን «እንቢ» ብሎ ከሰው ሳይጣሉ መኖር ቀላል አይምሰላችሁ። ልጆቻቸውን አሳደጉ፣ ዳሩ፣ የልጅ ልጅ አቀፉ። በረሃብ ትሞታለች ያሉትን ሰዎች በሙሉ እያለቀሱ ቀበሩ።

እናቴንም ቀበሩ። ለቅሶው ላይ የሽንብራ ንፍሮ ሲሰጧቸው እኔው «እማማ፣ ሽንብራ እኮ ነው፤ ሆድዎን አይጠይቁትም?» አልኳቸው።

«ዛሬ አልጠይቀውም» አሉና በሉ።

እማማ የሺ፣ ደህና ይሂዱ። ልጆችዎ በእጅዎ አድገዋል፤ የፈሩት አልደረሰም። እዚያ ምን እንደሚቀርብልዎ አላውቅም፤ ግን አይፍሩ። እናቴ ቀድማ ቀምሳልዎታለች።