ድምፁ የሚነሳበት ቦታ

በደርግ ጊዜ ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ ነርስ ነበርኩ። ከኩባ የመጣ ሐኪም ሲመደብልን፣ ስፓኒሽ ለጥቂት ወራት የተማርኩት እኔ ብቻ ስለነበርኩ አስተርጓሚው ሆንኩ። በሽተኛ በሌለ ሰዓት ግስ ያስጠናኛል። «ቮሚቶ» የሚለውን ቃል መቆራረጡ አላስቸገረኝም፤ የኛ ፊደል ራሱ ተቆራርጦ የተጻፈ ነው። ቮ፣ ሚ፣ ቶ። መከራዬ ድምፁን የቱ ላይ እንደማነሳ ነበር። መጀመሪያው ላይ ከተነሳ «ትውከት»፣ መሀሉ ላይ «አስታውካለሁ»፣ መጨረሻው ላይ «አስታወከ» ወይም «አስታወከች» ይሆናል። እኔ ደግሞ በርቺ ባለኝ ቁጥር፣ እንደ አማርኛ «ቶ»ን አጠብቀዋለሁ፤ ድምፁም መሀሉ ላይ ይቀራል።

«አታጥብቂው! ከፍ አድርጊው!» እያለ ጠረጴዛውን ይደበድባል። ልዩነቱ ለጆሮዬ አይገባም። ንድድ ይለኝ ነበር።

አንድ ጠዋት አንዲት እናት ሕፃን ልጇን ታቅፋ እየሮጠች ገባች።

«ወላሂ ዞር ከማለቴ ነው! ላምባ ጠጣችብኝ!»

ልጅቷ ክፉኛ ታስላለች። ሐኪሙ ደረቷን እያዳመጠ፣ አስመልሷት እንደሆነ ጠየቀኝ። እናትየውን ጠየቅኳት።

«አዎ፣ መንገድ ላይ አስመለሳት።»

ወደሱ ዞሬ «ቮሚቶ» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። «ማን? አንቺ?»

ደገምኩት። ይባስ ግራ ገባው። እናትየዋ «ምን አለ? ምን አለ?» እያለች ጋውኔን ትጎትታለች። በመጨረሻ ጣቴን ወደ ልጅቷ ቀስሬ፣ ጎንበስ ብዬ እንደሚያስታውክ ሰው ሆኜ አሳየሁት። ያኔ ገባው። ላምባው ሳንባዋ ገብቶ እንዳይሆን ሰግቶ ቀኑን ሙሉ ከአጠገቧ አልራቀም። አመሻሹ ላይ ሳሉ ቀነሰ፣ ጡትም ጠባች። እናትየዋ እሱን በዱዓ እኔንም በዱዓ አጥለቅልቃን ሄደች።

እፎይ ብዬ ሳልቀመጥ፣ እጁን እየታጠበ «እንግዲህ እንደገና፣ ቮ፣ ሚ...» አለኝ።

«ጓድ ዶክተር፣ ልጅቷ ተሽሏታል! ቃሉ አሁን ምን ያደርግልዎታል?» ብዬ በአማርኛ ጮህኩበት። ስለ ግሱ የጠየቅኩት መስሎት፣ ደስ ብሎት ከመጀመሪያው ያስረዳኝ ጀመር።

በዚያው ምሽት ወደ ቤቴ፣ ወደ ደሴ የምሄድበት አውቶቡስ ዳገቱን ሲጠማዘዝ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ቃሉን በሦስቱም ዓይነት አነበንባለሁ። አጠገቤ የተቀመጡት አሮጊት ክንዴን ነካ አደረጉኝ።

«ልጄ፣ አቅለሸለሸሽ እንዴ? መንገዱ እኮ ነው። እንኪ፣ ሎሚ አሽትቺ።»

ሎሚውን ተቀብዬ እስከ ደሴ እያሸተትኩ ሄድኩ።