በቀሃ ዳር የዘረጋሁት ገመድ

ጎንደር በሁለት ወንዞች መካከል የተቀመጠች ከተማ ናት፤ በምሥራቅ አንገረብ፣ በምዕራብ ቀሃ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው አንባቢ አቅጣጫውን እንዲይዝልኝ ነው። ጣልያን ፎቆቹን የሠራው ከላይ ከጉብታው ላይ ስለነበር፣ እሱ ከሄደ በኋላም መብራቱና ማኪናው እዚያው ቀሩ። እኔ የተቀጠርኩበት ትምህርት ቤት ግን ከታች፣ ከቀሃ ዳር ነበር። ወንዙን ተከትለው የጌሾና የቃሪያ ጓሮዎች አሉ፤ ከጓሮዎቹ በላይ የጭቃ ቤቶች፣ ከዳገቱ አናት ደግሞ በጥድ የተከበበ ቤተ ክርስቲያን።

የአራተኛ ክፍል ተማሪዎቼ የአውሮፓን ወንዞች ከነመነሻቸው በቃላቸው ይወጡታል። ደጃቸው ስላለው ወንዝ ስጠይቃቸው ግን «ውሃ ነው» ይሉኛል። ይህ አበሳጨኝ። ስለዚህ የሰፈራቸውን ካርታ ራሳቸው እንዲሠሩ ወሰንኩ። ረጅም ገመድ ገዝቼ በየሜትሩ ቋጠርኩት፤ ቋጠሮው ከሩቅ እንዲታይ ቀይ ጨርቅ አሰርኩበት። አንድ ጠዋት ተማሪዎቼን አሰልፌ ወረድንና ገመዱን ከወንዙ ዳር እስከ መጀመሪያው ጓሮ አጥር ዘረጋነው።

በዚያ አገር ገመድ ይዞ ከማሳ ማሳ የሚሄድ ሰው አንድ ብቻ ነው፤ ቃላድ ጣይ፣ መሬት ለክቶ ግብር የሚያስጨምር የመንግሥት ሰው። ርስት ከአያት ይወረሳል እንጂ በገመድ አይለካም። ይህን አውቅ ነበር። እኔን ከቃላድ ጣይ የሚቆጥረኝ ይኖራል ብዬ ግን አላሰብኩም፤ ከኋላዬ የተሰለፉት የገዛ ልጆቻቸው ነበሩና።

የጓሮው ባለቤት፣ አንድ ሽማግሌ፣ ዱላቸውን ገመዱ ላይ አሳረፉ።

«ምነው አስተማሪ፣ ፊደሉ አለቀብህ?»

«አያ፣ ይህም ትምህርት ነው። ጂኦግራፊ ይባላል።»

«ቃላድ ስሙን ለውጦ መጣ በሉኛ!» አሉ፣ ልብስ ወደሚያጥቡት ሴቶች ዞረው። ሴቶቹ ሳቁ።

በሥርዓት አስረዳኋቸው። የወንዙን ስፋት እንለካለን፤ የየጓሮውን ወሰን በወረቀት እናሰፍራለን፤ ካርታው ሲያልቅ ደግሞ ከጠቅላይ ግዛቱ የሚመጣው ተቆጣጣሪ ያየዋል። እዚህ ላይ ሳቁ ተቋረጠ።

«ማን ነው የሚያየው?»

«የትምህርት ተቆጣጣሪ እኮ ነው፣ አያ!»

«ሁሉም ተቆጣጣሪ ነው» አሉና ከሰልፉ መካከል የልጅ ልጃቸውን ክንድ ይዘው ሄዱ።

በማግሥቱ የክፍሌ ወንበር ከግማሽ በላይ ባዶ ሆነ። ዳይሬክተሩ ጠርቶ፣ ልጆቹ ካልተመለሱ ክፍሉ እንደሚታጠፍ ነገረኝ። ስለ ካርታው አንድም ቃል አልጠየቀኝም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ ወደተቀመጡበት ጥድ ሥር ሄድኩ። እንደገና ላስረዳ ስጀምር የጓሮው ባለቤት እጃቸውን አነሱ።

«ሸጋ ልጅ ነህ። ንግግሩን ተወውና ገመዱን አምጣ።»

አመጣሁ። ተቀብለው ለቄሰ ገበዙ ሰጡት። «ለደወሉ ይሁን» አሉ።

ሰኞ ልጆቹ ተመለሱ። ደስ ሊለኝ ሲገባ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል በተደወለ ቁጥር ቀይ ጨርቆቼ ሲወዛወዙ በመስኮት እያየሁ ጥርሴን እነክስ ነበር። ቢሆንም ተስፋ አልቆረጥኩም። ቀሃን ብቻ፣ ያለ ጓሮ፣ ያለ አጥር፣ በሰሌዳው ላይ አንድ መስመር አድርጌ ሣልኩት።

«ይህ ወንዝ በየት በኩል ያልፋል?»

የሽማግሌው የልጅ ልጅ እጁን አጣምሮ ተነሣ።

«አያቴ ስለ ወንዙ ከተጠየቅህ ዝም በል ብለውኛል።»

ሌሎቹም እንዲሁ እንደተባሉ ለማስረዳት አንገታቸውን ነቀነቁ። የአውሮፓን ካርታ መልሼ ሰቀልኩት።