የፔዳሉ ሴንሰር እና ያጠፋሁት መብራት

ባለፈው ማክሰኞ ረፋድ ላይ... እዚህ ኬንያ ሞያሌ፣ ጋራዤ ውስጥ አንድ የጭነት መኪና ስር ተጋድሜ ሽቦ ስፈልግ ሁለት ሰዎች መጥተው አጠገቤ ቆሙ። ወጥቼ ሳይ ገልገሎና ሚስቱ ጡሜ ናቸው። በመካከላቸው ሌላ መኪና ማቆም ይቻላል፣ እንዲህ ተራርቀው።

ገልገሎ በነጭ ስቴሽን መኪናው ከዳበል መንደር ሞያሌ ሰው ያመላልሳል። መኪናዋን የገዛት ከብቶቹን ሸጦ ነው። አማቱ፣ የጡሜ አባት፣ ይህን ይቅር አላሉትም። «ብረት አይወልድም» እያሉ በሰው ፊት ያሳጡት ነበር።

ከወር በፊት ሽማግሌው ዳበል ላይ በጠና ታመሙ። ሌላ መኪና ጠፋና ገልገሎ ራሱ ወደ ሆስፒታል ይዟቸው ወጣ። ጡሜ ከኋላ አባቷን ደግፋለች። መንገድ ላይ መኪናዋ አልሄድ አለች፤ የኤሊ ጉዞ። ሞያሌ ዳር ቡቲዬ ደርሰው፣ ከተማው እየታያቸው፣ ሽማግሌው አረፉ።

በማግስቱ የጡሜ ወንድም ያችኑ መኪና ቢያስነሳት በረረች። በቃ! «ቂሙን ተወጣ፤ ሆን ብሎ ፖሌ ፖሌ፣ ቀስ እያለ፣ እየነዳ ገደላቸው» ተባለ። ጡሜም ልጆቿን ይዛ ወንድሟ ቤት ገባች።

«ፈንዲ» አለችኝ፤ እዚህ መካኒክ ሁሉ ፈንዲ ነው። «አርብ ሽማግሌዎች ይቀመጣሉ። እኔ ከሰው ወሬ በፊት ከመኪናዋ ልስማ ብዬ ነው። ጥፋቱ የእሷ ነው ወይስ የእሱ?»

ገልገሎ መሬት መሬት ያያል።

ሞተሩን ሳስነሳ ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫዋ የሞተር መብራት እንደበራች ናት። ኮምፒውተሬን ስሰካ የነዳጅ ፔዳሉን ሴንሰር ጠራ። ድሮ ፔዳሉን ከሞተሩ የሚያገናኘው ሽቦ ነበር። አሁን እግራችሁ ምን ያህል እንደረገጠ የሚናገረው ሴንሰር ነው፤ ያውም አንዱ ሲሳሳት ሌላው እንዲያጋልጠው ሁለት ሆኖ። ሁለቱ ካልተስማሙ መኪናዋ አንዱንም አታምንም፣ ጉልበቷን ትይዛለች። አጥፍታችሁ ስታስነሷት ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ ትሄዳለች።

«ለምን አጥፍተህ አላስነሳሃትም?» አልኩት።

«ካጠፋኋት አትነሳም ብዬ ፈራሁ» አለ።

ፔዳሉን እሱ ቢረግጠው አስመሰለ ይባላል ብዬ ጡሜን መሪው ጋ አስቀመጥኳት። «ርገጪ» አልኳት። ረገጠች፣ ሞተሩ አገሳ። ኮምፒውተሩ ላይ የሁለቱ ሴንሰሮች ቁጥሮች አብረው ወጡ፣ አብረው ወረዱ።

«ይኸው ጤነኛ ናት» አለች ፊቷ ጠቁሮ።

«ቆይ እስቲ... አሁን ፖሌ ፖሌ። ቀስ አድርገሽ።»

ግማሽ ሲደርስ አንደኛው ቁጥር መውጣቱን ቀጠለ፣ ሁለተኛው ዘጭ አለ። ሞተሩም ድምፁን ዋጠ። ሴንሰሩ መሃሉ ላይ ተበልቷል፤ ቶሎ ሲያልፉት አይታወቅም፣ ቀስ ሲሉበት ይጋለጣል።

«አሁን እስከ ወለሉ ርገጪ።»

ረገጠች። ምንም። ሁለት እግሯን ጫነች... ወይ ፍንክች! ሞተሩ እዚያው ማቃሰት ብቻ።

«የዚያን ቀን ድምፅ ነው» አለች። ከዚያ «አባ ኪያ! አባ ኪያ!» እያለች፣ አባቴን አባቴን እያለች፣ መሪው ላይ ተደፋች። ገልገሎ በመስኮቱ በኩል ትከሻዋን ያዘ። እጁን አላራገፈችውም።

ሰው አስታረቅሁ ብዬ ደስ ሊለኝ ሲል... ቀና አለችና «ቀደም ብላ ምልክት አልሰጠችህም?» አለችው።

ገልገሎ እኔን አየኝ። «አልሰጠችም» አላት።

ዋሸ። ለእኔ ብሎ ነው የዋሸው። ሽማግሌው ከመሞታቸው ሁለት ሳምንት በፊት ያችኑ ቢጫ መብራት ይዞ መጥቶልኝ ነበር። እዚህ ሹፌር ሁሉ «መብራቱን አጥፋልኝ» ይላል እንጂ «በሽታዋን ፈልግልኝ» አይልም፤ እኛም እናጠፋለን። የዚያን ቀን ሥራ በዝቶብኝ፣ ኮምፒውተሩ የጻፈውን በቅጡ እንኳ ሳላነብ፣ አጠፋሁለትና «ሂድ፣ አቧራ ነው» አልኩት። አቧራ ነው! ምነው አፌን በቆረጠው።

ዝም ብል ማንም አያውቅም ነበር። ግን ያ ሰው ወር ሙሉ ነፍሰ ገዳይ ሲባል ስሜን አላነሳም... እንዴት ዝም ልበል?

«ሰጥታ ነበር» አልኳት። «አምጥቶልኝ ነበር። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

ጡሜ ከመኪናዋ ወርዳ ጀርባዋን ሰጠችኝ። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ከሌላ መኪና የተፈታ ደህና ፔዳል ነበረኝ፣ ገጠምኩላት። ደጋግሜ ቀስ አድርጌ ረገጥኩ፤ ቁጥሮቹ አልተለያዩም። እንደልማዴ መብራቷን ላጠፋ ስል ጡሜ እጄን ያዘችኝ።

«በሽታዋ ከለቀቃት ራሷ አትጠፋም?»

«ትጠፋለች... ጥቂት ቀን ከተነዳች።»

«እንግዲያው እንዳትነካት። ራሷ ትጥፋ።»

አርብ ሽማግሌዎቹ ፊት ቆሜ ሁሉንም ተናገርኩ። ገልገሎ ነጻ ወጣ፣ ጡሜም ቤቷ ተመለሰች። እኔን ማንም ምንም አላለኝም። ከስብሰባው ስወጣ ግን የሸኘኝም የለም።

ትናንት ገበያው አጠገብ መኪናዋን አገኘኋት። ገልገሎ «እየው!» ብሎ ጠራኝና ዳሽቦርዱን አሳየኝ። መብራቷ ራሷ ጠፍታለች። ጡሜ ከጎኑ ተቀምጣለች፤ አየችኝና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ይቅርታ ልለምናት አፌን ከፍቼ... ተውኩት።

የእሷም ቁጣ ራሱ ይጥፋ፣ እኔ አልነካውም።