ባለ አምስቱ የሣር ማጨጃ

ጠዋት ሁለት ሰዓት፣ ጎሮ

ዛሬ ከቤት የወጣሁት ጥፋቴን ለመደበቅ ነው። ጎረቤቴ ተክላይ ለሠርግ ሀዋሳ ሲሄድ የሣር ማጨጃ ማሽኑን ከመጋዘኑ ቁልፍ ጋር ትቶልኝ ነበር። ሞተሩ ትንሽ ሲንተፋተፍብኝ ላስተካክልለት ብዬ ቤንዚንና አየር የሚያደባልቀውን ካርቡራተር ፈታሁ፤ ስመልሰው ብሎኑን ከልክ በላይ አጥብቄ ማሰሪያውን ሰበርኩት። ተክላይ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ይመለሳል። ማሽኑ ባለ አምስት የፈረስ ጉልበት መሆኑን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። የእኔው ባለ ሦስት ተኩል ማጨጃ አልነሳ ካለ ሁለት ክረምት አልፎታል፤ ቦታ ስለሌለኝ ተክላይ መጋዘን ውስጥ ሸራ ለብሶ ተኝቷል።

ተመሳሳዩን ለመግዛት የተሰበረውን ለናሙና በፌስታል ቋጥሬ ሚኒባስ ያዝኩ። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ በነጠላቸው አፍንጫቸውን ሸፈኑ።

«ቤንዚን ነው እንዴ የያዙት?»

«ካርቡራተር ነው።»

«ታዲያ እንደ ልጅ ማቀፍ ምንድን ነው?»

ፌስታሉን እግሬ ሥር አወረድኩት።

አራት ሰዓት፣ መገናኛ

የጄኔሬተርና የውሃ ፓምፕ ዕቃ የምትሸጠው ወጣት ናሙናዬን ገልበጥ አድርጋ አየችው።

«ይሄ የሦስት ተኩሉ ነው፣ ጋሼ። አልቋል።»

«የአምስት ነው!»

«የአምስቱ ጉሮሮው ሰፋ ይላል። እሱም አልቋል።»

ተናደድኩ። እኔ የማውቀውን ሞተር ልታስተምረኝ! ፌስታሌን ነጥቄያት ወጣሁ።

ስድስት ሰዓት፣ ላምበረት

ከመናኸሪያው ጀርባ ትንንሽ ሞተር የሚጠግነው መካኒክ ምሳ ላይ ነበር። «እንብላ» አለኝ። ቸኩያለሁ ብለው አልሰማ አለ፤ ሽሮውን እስክንጨርስ ፌስታሉን አልነካም። ከዚያ እጁን ታጥቦ ካርቡራተሩን ወደ ብርሃን አነሳው።

«ጋሼ፣ የሁለቱ ሞተሮች አካል አንድ ነው። ፒስተኑም፣ የብሎኑ ቦታም እኩል ነው። የሚለያዩት አየር በሚያልፍበት በዚህ ጉሮሮ ነው። ይሄ የሦስት ተኩል ነው፤ አምስቱ ላይ ይገጥማል፣ ጉልበቱን ግን ይቀንሰዋል። ቤትዎ ሌላ ሦስት ተኩል የለም?»

«አለ!» ብዬ ልስመው ምንም አልቀረኝም። የራሴን ፈትቼ እገጥምለታለሁ፤ ማንም አይሰማም። እንዴት የእኔ ዓይነት ካርቡራተር ተክላይ ማሽን ላይ እንደተገኘ ማሰብ የጀመርኩት ሚኒባሱ ጎሮ ሲደርስ ነው።

አስር ሰዓት፣ ጎሮ

መጋዘኑን ከፍቼ ከማሽኔ ላይ ሸራውን ገለጥኩ። በካርቡራተሩ ቦታ አቧራ እንዳይገባ ካልሲ ተወትፏል። የእኔ ካልሲ አይደለም።

ካልሲውን እንደያዝኩ ተክላይ ከነሻንጣው በሩ ላይ ቆመ። መጀመሪያ ካልሲውን፣ ቀጥሎ የተሰበረውን ካርቡራተር አየ። ሻንጣውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ።

«ሽኩር፣ በአላህ፣ ስማኝ። የእኔው ካርቡራተር ተሰነጠቀብኝ፣ ያንተ ማሽን ደግሞ ሳይሠራ ቆሞ ነበር፤ ያንተን ፈትቼ ገጠምኩት። በማግስቱ ልነግርህ ስል አንተ አጥር ተደግፈህ ‹አምስት ፈረስ ማለት ይሄ ነው!› አልከኝ። አፈርኩ። ከዚያ በኋላ በየቅዳሜው ስታደንቀው እንዴት ብዬ ልንገርህ?»

ልቆጣው ነበር፤ አቃተኝ። እኔስ ከጠዋት ጀምሮ ከተማውን ያካለልኩት ምን ላደርግ ነው? «እኔም ልደብቅህ ነበር» አልኩት። ተያይተን ሳቃችን አመለጠን።

በአንድ ቀን መንገድ ስለ ሞተር ብዙ ተምሬ ተመለስኩ። ያሳፈረኝ ግን ሌላ ነው፤ ሁለት ዓመት ሙሉ አጥር ተደግፌ የቀናሁት በራሴው ካርቡራተር ነበር።